ሚሞሪ ካርድ በከንፈሩ የሚይዘው ጋሽ ደረጀ

ጋሽ ደረጀ መሞቱን የሰማሁት እዚህ ስደት አገር፣ ሮዝቪል ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ነው። ፓስተሩ ስብከት ከመጀመራቸው በፊት ማይኩን ነካ ነካ አድርገው፣ «የማኅበረሰባችንን ዓይን አጣን» አሉ። ከፊቴ የተቀመጡት ሴቶች «ውይ! ውይ!» እያሉ ደረታቸውን ያዙ። እኔ መሐረብ የምፈልግ መስዬ ቦርሳዬ ላይ አቀረቀርኩ። እንባ መጥቶብኝ አልነበረም። ፊቴን እንዳያዩብኝ ነው። ገና አፈር ያልቀመሰ ሰው ማማት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን «ዓይን» የምትለዋን ቃል መዋጥ አቃተኝ።

በሕይወት ሳለ «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ላይ «እሱ» ይበቃዋል።

ስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ሠርቻለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሕክምና መሣሪያ የሚገጣጥም ፋብሪካ ውስጥ ነኝ። ቅዳሜ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ከአንድ ስልክ ጥገና ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮው ውስጥ እሱ ቀርጾ ያመጣውን ሠርግና ለቅሶ በኮምፒውተር እየቆረጥኩ እቀጥል ነበር። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ሙሽሮቹም ሟቾቹም ስክሪኑ ላይ አብረው ይንቀጠቀጣሉ።

ጋሽ ደረጀን የማይወድ ሰው አላውቅም። ሳቂታ ነው፣ ቁመናው ያማረ ነው፣ የሁሉንም ልጆች በየስማቸው ይጠራል። ከሮዝቪል እስከ አፕል ቫሊ ያለ ሐበሻ ሲድርም ሲቀብርም ከፓስተሩ ቀጥሎ የሚደውለው ለእሱ ነው። እኔ ግን አጠገቡ ስለምቀመጥ ሌላ ሌላውን አይ ነበር። የዶሮ ክንፍ እየበላ ነው የሚሠራው። ጣቱን ይልሳል፣ ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ከዚያ ማውሱን ይይዛል። ማውሱ እጅ ላይ ይጣበቃል። ከሁሉ የሚቀፈኝ ደግሞ የሚሞሪ ካርዱ ነገር ነው። ከካሜራው ያወጣውን ካርድ፣ ሁለቱን እጆቹን ለሌላ ነገር ሲፈልጋቸው፣ በከንፈሮቹ መሀል ይይዘዋል። የሰው ሠርግ፣ የሰው ቀብር በዶሮ ስብ በወዛ ከንፈሩ እንደያዘ በአፉ ጥግ ያወራኛል። ከዚያ «እንኪ ወይኒዬ» ብሎ እርጥቡን ይሰጠኛል። ቀሚሴ ላይ ሳልጠርግ ሰክቼው አላውቅም።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እዚህ ሰው ሲሞትብን የለቅሶው ቪዲዮ ወደ አገር ቤት ይላካል። እዚያ ያለው ዘመድ መምጣት ስለማይችል ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቦ ያለቅሳል። እያለቀሰም ያጣራል፤ ማን መጣ፣ ማን አጀበ፣ የማን ዓይን ደረቀ። ቪዲዮው ውስጥ ያልታየ ሰው አልቀበረም ማለት ነው፤ ማንም መጥቶ ቢምልለት አይታመንም። ስለዚህ ቤተሰቡ ቪዲዮው ከመላኩ በፊት ስቱዲዮ መጥቶ ከኋላችን ካለው ሶፋ ላይ ይቀመጥና ያዛል። «እሷን ከት አድርጋት።» «ያንን ሰውዬ ደግሞ ለምን አስገባኸው?» «እዚህ ጋ እኔን ደገም አድርገኝ።» ቀብር ላይ ጥቁር ለብሰው አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ሲላቀሱ ያየኋቸው ሰዎች ናቸው እዚያ ሶፋ ላይ እንዲህ የሚሉት።

ድሮ ትእዛዙ ቶሎ አይፈጸምም ነበር። ካሜራው አዲስ፣ ኮምፒውተሩ ሽማግሌ ነው። አንድ ቦታ ቆርጠን ምን እንደመሰለ ለማየት ስናጫውተው ምስሉ ትንሽ ይሄድና ይገተራል። ድምፁ ይቀድማል፣ ፊቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ ጋሽ ደረጀ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ «ማሽኑ እያሰበ ነው» ይልና ዶሮውን ያነሳል። ሶፋው ላይ ያሉት ሰዎች የተገተረውን ፊት እያዩ ይጠብቃሉ። አንድ ቅዳሜ የሙሽራ አባት፣ የተጣላው ታናሽ ወንድሙ ከልጁ ሠርግ ላይ እንዲወጣለት አዘዘ። ምስሉ ሰውየው ሙሽራዋን ሲስም ተገተረ። አባትየው ሦስት አራት ደቂቃ የወንድሙን ፊት ሲያይ ቆየና፣ «ተዉት እንግዲህ። አርጅቷል» አለ። ተነሥቶም ሄደ። እንዲህ ያለውን ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩትም። እኔን ያቃጥለኝ የነበረው የማሽኑ መንቀርፈፍ ብቻ ነው።

ከዚያ ጋሽ ደረጀ ግራፊክስ ካርድ ገዛ። ካርዱ ምስል የማስላቱን ሥራ የኮምፒውተሩ አንጎል ከሆነው ፕሮሰሰር ላይ ስለሚያነሳለት ፕሪቪው፣ ቆርጠን የምናጫውተው ምስል፣ አይገተርም ብለው ነግረውታል። ራሱ ገጠመው፤ ፓስተሩን ጠርቶም አስጸለየበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ለውጥ አልመጣም። ምስሉ እንደ ድሮው ይገተራል። የሸጠለትን ሰው ረገመ። ቀጥሎ ነገሩን ወደ መንፈስ ወሰደውና፣ «ይሄ ኖርማል አይደለም፤ ጠላት ሥራዬን ተቃውሟል» አለ። አንድ ቅዳሜ ስገባ የኮምፒውተሩን ሣጥን የጸሎት ዘይት ቀብቶት አገኘሁ። ዘይቱ ከዶሮው ቅባት ጋር ተለውሶ እስከ ማብሪያው ወርዷል። በሶፍት ስጠርገው ሶፍቱ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይነሱልኝ» አልኩና ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ፋብሪካ ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መፈተሽ ስለሆነ ገመድ አያስፈራኝም። አቧራውን፣ የደረቀውን አጥንት አልፌ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ደረስኩ። የስክሪኑ ገመድ የተሰካው አዲሱ ካርድ ላይ ሳይሆን ድሮ በነበረበት ቀዳዳ ላይ ነው። ነቅዬ ካርዱ ላይ ሰካሁት። ከዚያ የምንቆርጥበትን ፕሮግራም ሴቲንግ ከፈትኩ። ምስሉን የሚያሰላው ማን እንደሆነ የሚመረጥበት አንድ መስመር አለ፤ «በፕሮሰሰሩ ብቻ» በሚለው ላይ ነው ያለው። ያ ሁሉ ጸሎት የተጸለየለት ካርድ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ኖሯል። «በግራፊክስ ካርዱ» የሚለውን መረጥኩና አጫወትኩት።

ምስሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቆረጥኩ፤ ፈሰሰ። አጎላሁ፣ ገፋሁ፣ ቀለም ለወጥኩ፤ ጣቴን ሳላነሳ ያሳየኛል። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጋሽ ደረጀ ጉንጮቼን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። «እግዚአብሔር መለሰ!» አለ። ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። የዶሮው ሽታ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲያ ስቱዲዮው ሥጋ ቤት ሆነ። ጋሽ ደረጀ ወደ ሶፋው ዘወር ይልና «ከየት ጋ ልቁረጥላችሁ?» ይላል፤ ልክ ከሽንጡ ይሁን ከዳቢቱ እንደሚል ሰው። እነሱ ይጠቁማሉ፣ እሱ ይቆርጣል፣ ወዲያው ያዩታል። ፊት የሚገተርበት ጊዜ የለም። ሰው ሐሳቡን የሚለውጥበትም ጊዜ የለም። ቂማቸውን ትኩሱን ይዘው መጥተው ትኩሱን አስቆርጠው ይሄዳሉ። «ማሽኑ እያሰበ ነው» የምትለው ቃል ከአፉ ጠፋች።

ይርጋ የሚባል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሞተ። ዘጠኝ ዓመት አብራው የኖረችው ሌንሴ ናት። ቤተ ክርስቲያን ቀርበው አልተጋቡም፤ እሷ ደግሞ የኦሮሞ ልጅ ነች፤ ለይርጋ ቤተሰብ የትኛው እንደሚብስባቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። የይርጋ እህት መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ጥፍሯን ተሠርታ ነበር።

«ቪዲዮው አባቴ ጋ ነው የሚሄደው» አለች። «አባቴ ይህቺን ሴትዮ አያውቃትም። አንድ ቦታ እንኳ እንዳትታይ። አይ ሚን፣ ማለቴ፣ አንድም ቦታ።»

«ምን ችግር አለ የኔ እመቤት!» አለ ጋሽ ደረጀ። እጁ በዶሮ ተይዟል። «ወይኒዬ፣ ያዢው እስቲ።»

ማውሱን ያዝኩ። ሌንሴ ከፊት ወንበር ላይ፣ ሌንሴ ከመኪናው ስትወርድ፣ ሌንሴ ሬሳ ሣጥኑ ላይ ተደፍታ። «ዙም አድርጊ፤ ወደ ቀኝ ግፊው፤ ትንሽ፣ ትንሽ፤ ሄደች!» ይለኛል፣ አጥንቱን እየጋጠ። እኔ አጎላለሁ፣ እገፋለሁ። ሬሳ ሣጥኑ ላይ የተደፋችው ሴት ተገፍታ ወጣችና የሣጥኑ ጥግና አበባው ብቻ ቀሩ። ምስሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተገተረም።

«ዋው፣ ስሙዝ ነው፤ መቆረጡ እንኳ አይታወቅም» አለች እህቲቱ።

ዘጠኝ ዓመት በግማሽ ሰዓት አለቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌንሴ ራሷ መጣች። በር ላይ ሳያት ማውሱን ለቀቅኩ። ጋሽ ደረጀ ግን ብድግ ብሎ አቀፋት፣ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት፤ ከመሳቢያው ሌላ ፍላሽ አውጥቶ በእጇ አስጨበጣት። «ያንቺ ነው። ሁሉም ሙሉ ነው» አላት። እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ስትሄድ «ሁለት አደረጉት እንዴ?» አልኩት።

«ሁሌም ሁለት ነው፤ ሁለተኛውን አንቺ ፋብሪካ ሳለሽ ነው የምሠራው» አለኝ፤ ጥርሱን በቢዝነስ ካርድ ጫፍ እየጎረጎረ። «ለእነሱ የነሱን፣ ለእሷ የሷን። የሷ ላይ ደግሞ ያቺ እህቱ የለችም፤ ብታያት ይከፋታላ። እኔ ሰው ማየት የሚፈልገውን ነው የማሳየው የኔ እህት። ሁሉም ደስ ብሎት ይግባ። ሰላም ማለት ይኼ ነው።»

ከተማው ሁሉ ለምን እንደሚወደው ያን ቀን ገባኝ። እያንዳንዱ ቤት ውስጥ፣ ለዚያ ቤት ብቻ የተቆረጠ ጋሽ ደረጀ ነበረ።

ታዲያ ለምን አልወጣሽም በሉኝ። መልስ አለኝ፤ መልሱም ይቀፋል። ሥራውን እወደው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ያዘዘኝን ቦርድ እፈትሻለሁ፤ እዚያ ግን ጣቴን ባነቃነቅኩ ቁጥር ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ደግሞ ቆራጯ እኔ ነኝ፤ እኔን ማን ይቆርጠኛል?

በዓመቱ እናቴ ሞተች። አራት ዓመት እኔ ቤት አልጋ ላይ ነበረች፤ አገላብጬ፣ አጥቤ፣ በማንኪያ አብልቼ። ወንድሜ ሳምሶን አፕል ቫሊ ነው የሚኖረው። በእሱ ቤተ ክርስቲያን ትሸኝ፣ በእኔ ትሸኝ በሚል ተኳረፍን። በእኔ ሆነ። ቀብሯ ላይ አልተነጋገርንም። ጥር ነው፤ መሬቱ በረዶ ግግር ብሎበታል። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሳምሶን እግሩ ከዳው። ኩርፊያችንን ረሳሁና ጓንቴን አውልቄ ክርኑን ጨበጥኩት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ይዤው ቆምኩ። ዞር ብሎ አላየኝም፤ ክንዱንም አላስለቀቀኝም።

የቀረጸው ጋሽ ደረጀ ነው። «ያንቺን እኔ ራሴ ነኝ የምቆርጠው። አንቺ እንዳትነኪው፣ ሐዘንሽ ይብሳል» አለኝ፤ እውነተኛ እንባም አነባ። በሳምንቱ መሀል እኔ ፋብሪካ ሆኜ ሠርቶ ጨረሰው። ቅጂዬን ሰጠኝ፤ ከፊት ወንበር ላይ አለሁ፣ ጉድጓዱ ጋ አለሁ። ወደ አገር ቤት፣ ለእናቴ ታላቅ እህት ለእትዬ ዘነበች፣ ሳምሶን እልካለሁ አለ። ይላክ አልኩ።

ሳይቆይ እትዬ ዘነበች ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ለእናትሽ አንድ ቀን እንኳ ሥራ መተው አቃተሽ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ራስጌዋ ላይ ቆሜ! ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ካላመንሽኝ ቪዲዮው አለ፣ ተመልከቺው!»

«ተመልክቼዋለሁ» አለችኝና ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ስልኬን አንሥታልኝ አታውቅም። በዓል ሲሆን እደውላለሁ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል። ዓይኗ ደክሟል፣ እርጅና ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የሌንሴን ነገር በገዛ እጄ ሠርቼ እንኳ ሐሳቡ ወደ እኔ አልመጣም። እትዬ ዘነበች ባለፈው ዓመት ሞተች። እናቷን ያልቀበረች ብላኝ ሞተች።

አሁን ወደ ጋሽ ደረጀ ሞት ልመለስ። ባለቤቱ እትዬ አስካለ ደወለችልኝ። «ወይኒ፣ የእሱን ለቅሶ ካንቺ ሌላ ማን ይሠራዋል?» አለች። ሐዘንተኛን እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ካሜራውን ሌላ ሰው ይዞ ነበር፤ የእኔ ድርሻ መቁረጡ ነው። ቅዳሜ በቀን ስቱዲዮውን ከፈትን። ማውሱ ያው ነው። በአልኮል ሦስት ጊዜ ጠረግኩት፤ በሦስተኛውም ሶፍቱ ቢጫ ወጣ። እትዬ አስካለ በጥቁር ነጠላዋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ሁሉም ይቀመጥበት በነበረው ቦታ።

አጫወትኩት። ጉድጓዱ አጠገብ ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት ብቻዋን ቆማ ታለቅሳለች። ጋሽ ደረጀ ከጋብቻው በፊት የወለዳት ልጁ ናት፤ ከሲያትል በረራ ይዛ የመጣች። አፍንጫዋ ቁርጥ የእሱ ነው።

«እሷን አውጪልኝ የኔ ልጅ» አለች እትዬ አስካለ።

«አልቆርጥም» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «አንድ ቪዲዮ ነው የሚወጣው፤ ሁላችሁም ያላችሁበት።» በኋላም አንድ ሆኖ ነው የወጣው።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፤ ግራ ነው የገባት።

«እንግዲያው ሁለት አድርጊዋ» አለች። «ለልጅቷ የልጅቷን፣ ለእኛ የእኛን። እሱ እንደዚያ አልነበር እንዴ የሚያደርገው? ያንቺ እናት ጊዜስ?»

«የእኔ እናት ጊዜ ምን?»

«ሳምሶን መጥቶ ሲለምነው እኮ እምቢ ማለት ከብዶት ነው። አንቺንም እንዳያስከፋ አንቺ ያለሽበትን ሠራልሽ። ሁለታችሁንም እንደ ልጆቹ ይወዳችሁ ነበር።» እንደ ውለታ ነበር የነገረችኝ። ዓይኖቿ ላይ ክፋት አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የእናቴን ስም ፈለግኩ። ፎልደሩ አለ። ሁለት ፋይል ነው። አንዱ «የወይንሸት» ይላል፤ አንዱ «የሳምሶን»። ሁለተኛውን ከፈትኩ።

እንደ ውሃ ፈሰሰ። እናቴ ተገነዘች፣ ተዘመረላት፣ ተጫነች። ከፊት ወንበር ላይ እኔ በነበርኩበት በኩል ምስሉ ጎልቶ አበባ ሆኗል። ከመኪናው ስወርድ የመኪናው በር ብቻ አለ። ልቆጣ ጠበቅኩ፤ ዓይኔ ግን ቁርጡን ይፈትሽ ነበር። ጥሩ አድርጎ ነው የቆረጠው። ፕሪቪውን እያየ፣ እያጫወተ፣ እያስተካከለ፣ እኔ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ገመዱን በሰካሁለት ማሽን ላይ። እትዬ ዘነበች ቴሌቪዥኗ ፊት ተቀምጣ፣ የእህቷን ልጅ ከሰው መሀል ስትፈልግ ታየችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈልጋለች። እኔ ደግሞ «ተመልከቺው!» ብዬ ጮኼባታለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጋሽ ደረጀ አልሆነለትም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣ ሳምሶን ሳይቆረጥ እኔን ብቻ ማውጣት አልቻለም። ሳምሶን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ክርኑን የጨበጠች አንዲት እጅ ከፍሬሙ ጫፍ ገብታለች። ጓንት የለባትም። አውራ ጣቷ ላይ የፋብሪካው መቁረጫ ያተረፈላት ጠባሳ አለ። ወንድሜን እንዳይወድቅ ይዛዋለች። ባለቤት የላትም።

ማሽኑ ምስሉን አልገተረውም። እኔ ነኝ ያቆምኩት።

እትዬ አስካለ መነጽሯን አድርጋ ከሶፋው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ይህቺ እጅ የማን ናት?» አለች።

«የእኔ» አልኳት።

ያቺው እጅ ማውሱን ይዛ ነበር። ሌንሴን ከይርጋ ሬሳ ሣጥን ላይ ገፍታ ያወጣቻትም እሷ ናት። ይኼን ግን ለእትዬ አስካለ አልነገርኳትም።